ጤነኛውን ማን ጠየቀው? የበሽታን መንስኤ ስንፈልግ የምንስትበት ቦታ

ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ ቁርጥማት፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋት። ይህን ይዞ ወደ ሰፈሩ ክሊኒክ የገባ ሰው ደም ሰጥቶ፣ ወረፋ ጠብቆ ሲጠራ ብዙውን ጊዜ የሚሰማው ነገር አንድ ነው፦ «ታይፎይድና ታይፈስ አለብህ።» ሲፕሮ ወይም የሴፍትሪያክሶን መርፌ ይታዘዝለታል፤ ለታይፈሱ ዶክሲሳይክሊን ይጨመርለታል። በሳምንቱ ይሻለዋል። ከወራት በኋላ እንደገና ሲያተኩሰው ገና ምርመራ ሳይደረግለት ራሱ ለሐኪሙ ይነግረዋል፦ «ያ ታይፎይዴ ተነሥቶብኛል መሰለኝ።»

በከተሞቻችን ይህ ያልደረሰበት ቤት ጥቂት ነው። ስለ በሽታ መንስኤ የምናስብበትን መንገድ ለመመርመርም ከዚህ የቀረበ መነሻ የለም። የአስተሳሰብ ስሕተት ሲነሣ ብዙዎቻችን ቶሎ የሚመጡብን «ቡዳ በልቶት ነው» የሚል ገበሬ ወይም «ምች መታኝ» የሚሉ እናት ናቸው። ነጭ ጋዋን የለበሰ ባለሙያም ግን እዚያው ስሕተት ውስጥ ሊገባ ይችላል። እንዲያውም ስሕተቱ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ካገኘ ለመንቀል የባሰ ያስቸግራል።

ሁለቱ በሽታዎች ዝምድና የላቸውም። ታይፎይድ ሳልሞኔላ ታይፊ የተባለ ባክቴሪያ በተበከለ ውኃና ምግብ በኩል ሲገባ የሚመጣ ነው። ታይፈስ ደግሞ ሪኬትሲያ የሚባል ሌላ ተሕዋሲ ያመጣዋል፤ በወረርሽኝ መልክ የምናውቀው ዓይነት የሚተላለፈው በልብስ ቅማል ነው። አሜሪካዊው ሐኪም ዊልያም ጌርሃርድ የሁለቱን ልዩነት በሕሙማን አስከሬን ላይ አሳይቶ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1837 ነበር። በእኛ ክሊኒኮች ግን ሁለቱ እንደ መንታ አብረው ይመጣሉ። ልብሱን በየሳምንቱ የሚያጥብ፣ ቅማል አይቶ የማያውቅ የባንክ ሠራተኛ በአንድ ሰሞን ከሰገራ የመጣ በሽታና ከቅማል የመጣ በሽታ እኩል ያዙት ሲባል ቢያንስ አንድ ጥያቄ መነሣት ነበረበት። በሁለት በማይገናኙ መንገዶች የሚመጡ ነገሮች ሁልጊዜ አብረው ከተገኙ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት የለካንበት መሣሪያ ነው።

መሣሪያው ምንድን ነው? ለታይፎይድ የሚሠራው ምርመራ በፈረንሳዊው ፈርናንድ ዊዳል ስም ይጠራል፤ ከ1896 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያለ ነው። ባለሙያው ከደምህ የተለየውን ሴረም ጠብታ ስላይድ ላይ ያደርጋል፤ የባክቴሪያው አካል ያለበትን ባለቀለም ፈሳሽ ጠብታ ይጨምርበታል፤ ከዚያ ስላይዱን ለአንድ ደቂቃ ያህል ያወዛውዘዋል። ፈሳሹ እንደ ተቆራረሰ ወተት ፍርፍር ካለ «ሪአክቲቭ» ተብሎ ይጻፋል። ባክቴሪያውን ያየው ሰው የለም። የታየው ሰውነትህ ከዚህ ባክቴሪያ ወይም ከሚመስለው ጋር በሆነ ጊዜ ተዋግቶ ያስቀረው አንቲቦዲ ነው። አንቲቦዲው የቆየ ሊሆን ይችላል። ከሌላ የሳልሞኔላ ዘመድ ጋር ከተደረገ ትግል የቀረ ሊሆን ይችላል። ወባም ምርመራውን ሊያሳስት ይችላል። የፍሳሽ ማስወገጃው ባልተስተካከለ ከተማ ውስጥ ከሚኖሩ ጤነኞች መካከልም ፈሳሹ ፍርፍር የሚልባቸው አይጠፉም። ለታይፈስ የሚሠራው የዌል ፊሊክስ ምርመራ ደግሞ ከዚህም የራቀ ነው፤ ፈሳሹ ውስጥ ያለው የታይፈስ ተሕዋሲ ሳይሆን ፕሮቲየስ የሚባል ሌላ ባክቴሪያ ነው፤ በአጋጣሚ የሚመሳሰል አካል ስላላቸው ብቻ ከ1916 ጀምሮ በምትኩ ሲያገለግል ኖሯል።

አዲስ አበባ ውስጥ ታይፎይድ የሚመስል ትኩሳት በያዛቸው 270 ሕሙማን ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት ጉዳዩን በቁጥር ያሳያል። ደማቸው ውስጥ ያለ ባክቴሪያ ላቦራቶሪ ውስጥ እንዲራባ ሲደረግ የታይፎይድ ወይም የፓራታይፎይድ ባክቴሪያ የተገኘባቸው 7 ብቻ ነበሩ። በዊዳል ግን ምርመራው ከሚጠቀምባቸው የባክቴሪያው ክፍሎች በአንዱ (ኦ አንቲጂን በሚባለው) ብቻ 88ቱ በሽተኛ ሆነው ወጡ። ይህ የማራባት ዘዴም ፍጹም ምርመራ አይደለም፤ ከሕሙማኑ ግማሽ ያህሉን ሊያመልጠው ይችላል። ስለዚህ ለዊዳል በጣም እናድላለት፤ እውነተኞቹ ሕሙማን 14 ናቸው፣ ዊዳልም አንዱን ሳይስት ሁሉንም ይዟቸዋል እንበል። እንዲያም ሆኖ «ታይፎይድ አለባችሁ» ከተባሉት 88 ሰዎች 74ቱ የላቸውም።

እዚህ ላይ የሚመጣውን መልስ አውቀዋለሁ፦ «እኔ ግን መድኃኒቱን ወስጄ ድኜበታለሁ።» መዳኑ እውነት ነው። ነገር ግን ከትኩሳት መንስኤዎች ብዙዎቹ በሳምንት ውስጥ በራሳቸው የሚለቁ ቫይረሶች ናቸው። ሰው ደግሞ ሐኪም ቤት የሚሄደው የመጀመሪያ ቀን ራሱን ሲያመው አይደለም፤ ችሎ ችሎ፣ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት ሞክሮ፣ በባሰበት ቀን ነው። ከባሰበት ቀን ቀጥሎ ያለው መንገድ በአብዛኛው ወደ መሻል ነው። በዚያ ሰዓት መርፌ ቢሰጠው፣ ጠበል ቢጠጣ፣ ዳማ ከሴ ቢታጠን ወይም ምንም ባይደረግለት ከብዙዎቹ ሕመሞች ይድናል፤ ምስጋናውን የሚወስደው ግን በዚያ ቀን አጠገቡ የነበረው ነገር ነው። መዳኑ የመድኃኒቱ ማረጋገጫ፣ መድኃኒቱ ደግሞ የበሽታው ስም ማረጋገጫ ይሆናል። እንዲህ እየተደጋገፉ የቆሙ ሁለት ነገሮች ሁለቱም መሬት አልረገጡም።

ሐኪሙን ብቻ መውቀስ ግን ተገቢ አይመስለኝም። «ቫይረስ ነው፤ ፈሳሽ እየጠጣህ ዕረፍ» ብሎ የሚመልስ ሐኪም በሰፈሩ «ምንም አላገኘም» ይባልና ሕመምተኛው በማግሥቱ ሌላ ክሊኒክ ይሄዳል። ስም መስጠትና መርፌ መውጋት እንደ ችሎታ በሚቆጠርበት ቦታ የማያውቁትን አላውቅም ማለት ያስከፍላል። ዕዳው ግን ሁላችንም ላይ ይመጣል፤ ሲፕሮና ሴፍትሪያክሶን ያለቦታቸው በተሰጡ ቁጥር ባክቴሪያዎቹ እየለመዷቸው ይሄዳሉ፤ መድኃኒቶቹም ነገ በእርግጥ ታይፎይድ ለሚይዘው ልጅ ደካማ ይሆናሉ። ከዚያም በላይ በ«ታይፎይድ» ስም ወደ ቤት ከተላከው ትኩሳት ውስጥ ወባ፣ ግርሻ፣ ዴንጊ ወይም ሳንባ ነቀርሳ የነበረበት አለ። የተሳሳተ ስም ትክክለኛውን ፍለጋ ያስቆማል፤ ከጉዳቶቹ ሁሉ የሚከፋው ይህ ነው።

ነገርዬው ከክሊኒክ ውጭ ሲታይ ቅርጹ አይለወጥም። በብዙ አካባቢ ሕፃን ሲያስቀምጠው «ጥርስ ሊያወጣ ነው» ይባላል፤ ሲብስበት «የወተት ጥርሱ» ገና ከድዱ ሳይወጣ በባህል አዋቂ ይነቀላል። እናቶቹ የሚያዩት ነገር ሐሰት አይደለም፤ ጥርሱና ተቅማጡ በእርግጥ አብረው ይመጣሉ። ሁለቱን አብሮ ያመጣቸው ግን ዕድሜው ነው። ስድስት ወር ሲሞላው ከጡት ሌላ ምግብ ይጀምራል፤ መዳህ ይጀምራል፤ ከመሬት ያነሣውን ሁሉ ወደ አፉ ይከታል፤ ከእናቱ ተውሶት የነበረው የመከላከያ አቅምም በዚያው ሰሞን እየሳሳ ይሄዳል። ተቅማጡን የሚያመጣው ሮታ ቫይረስ ወይም የተበከለ ውኃ ሆኖ ሳለ ድዱ ይቀደዳል። ከዚያ ደም መፍሰስ፣ ማመርቀዝ፣ የቋሚው ጥርስ መጎዳት ይከተላል። ተቅማጡ በአብዛኛው በቀናት ውስጥ ስለሚቆም ነቃዩ ባለሙያ ይባላል። ለዚያ ሕፃን የሚያስፈልገው በየጤና ጣቢያው የሚገኘው ሕይወት አድን ንጥረ ነገርና ዚንክ ነበር።

ለእብድ ውሻ በሽታ የሚሰጥ የባህል መድኃኒትም ዝናው የሚቆመው በዚሁ ነው፤ ከሚናከሱት ውሾች ብዙዎቹ ያላበዱ ስለሆኑ መድኃኒቱን ጠጥቶ «የዳነ» ምስክር አይጠፋም። በእርግጥ ያበደ ውሻ ነክሶት መድኃኒቱን ብቻ ተማምኖ የቀረው ሰው ደግሞ መጥቶ አይመሰክርም። ቁስሉን ወዲያው በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ አጥቦ ለክትባት መሮጥ ግን ሕይወት ያድናል፤ ምልክቱ አንዴ ከታየ መዳን የለም ማለት ይቻላል።

እስካሁን ያልኋቸው ሁሉ «ቀድሞ ስለመጣ መንስኤው እርሱ ነው» ከሚለው ስሕተት የሚቀዱ ናቸው። የጓያ ታሪክ ግን ተቃራኒውን ስሕተት ያሳያል፤ እውነተኛው መንስኤ ፊት ለፊት ተቀምጦ የሚካድበትን።

ጓያ በወሎ፣ በጎጃምና በጎንደር ደጋና ወይና ደጋ የሚኖር ገበሬ በደንብ ያውቀዋል። ክረምቱ ሲወጣ በጥቁር አፈር ላይ በቀረው እርጥበት ይበቅላል፤ ሌላው ሰብል ሲከስም እርሱ ይቆማል። በድርቅ ዘመን ነፍስ የሚያቆየው እህል እርሱ የሚሆነውም ለዚህ ነው። ዋና ምግብ ሆኖ ለወራት ሲበላ ግን የእግርን ጡንቻ የሚያዙ ነርቮችን የሚጎዳ መርዝ አለበት፤ ጉልበት ይገተራል፣ ሰውየው በአንድ ወይም በሁለት ዱላ፣ ሲብስም በዳዴ የሚሄድ ይሆናል። ጉዳቱ አይመለስም። በየአካባቢው ስለ መንስኤው የሚሰጠው ማብራሪያ ታዲያ ብዙ ነው፤ ሲቀቀል የሚወጣው እንፋሎት ነው፣ በማሳው ውስጥ ማለፍ ነው፣ ገለባው ላይ መተኛት ነው። መብላቱ አይደለም ለሚለው ደግሞ ጠንካራ የሚመስል ማስረጃ ይቀርባል፦ «አያቴ ዕድሜ ልካቸውን በልተውት በሰማንያ ዓመታቸው በእግራቸው ቤተ ክርስቲያን ይስሙ ነበር።»

አያትዬው እውነት ናቸው። ስሕተቱ ያለው መንስኤ ማለት የነካውን ሁሉ የሚጥል ነገር ነው ብሎ በማሰብ ላይ ነው። አንድ ነገር መንስኤ ለመሆን ሁሉንም ማሳመም አይጠበቅበትም፤ ስንት ተበላ፣ ለምን ያህል ጊዜ፣ በምን መልክ፣ ከምን ጋር የሚሉት ይወስናሉ። እንፋሎቱ ነው የሚለውን ማብራሪያ ለመፈተን ደግሞ ላቦራቶሪ እንኳ አያስፈልግም። እንፋሎት ቢሆን ኖሮ ከሁሉ በፊት የሚጎዱት ከምድጃው የማይለዩት ሴቶች ነበሩ። በየመንደሩ ሲቆጠር ግን የሚበዙት ወንዶች፣ በተለይም ወጣቶች ናቸው። አንድ ማብራሪያ እውነት ከሆነ ማን መታመም ነበረበት ብሎ ጠይቆ ከታመመው ሰው ጋር ማስተያየት፣ እኔ ከማውቃቸው የማሰቢያ መንገዶች ሁሉ ርካሹና ጠንካራው ይህ ነው።

በ1990ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ወሎ ውስጥ በደላንታ ዳውንት ድርቅን ተከትሎ የጓያ ሽባነት በወረርሽኝ መልክ ተነሣ። ኢትዮጵያዊው ሐኪም ኃይለየሱስ ጌታሁንና ባልደረቦቹ እዚያ የሠሩት ጥናት በ2003 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ታተመ። የጥናቱ ብልኃት ቀላል ነው። ሽባ የሆኑትን ብቻ «ምን በላችሁ?» ብለው አልጠየቁም፤ ያንን ብቻ ቢጠይቁ ሁሉም ጓያ በልተናል ይሉ ነበር፤ በዚያ ዓመት ጓያ ያልበላ የለምና። በዚያው አካባቢ የሚኖሩ፣ በዚያው ረኃብ ያለፉ ጤነኞችንም ያንኑ ጥያቄ ጠየቋቸው። ያኔ ልዩነቱ ወጣ፤ ጓያውን ቆልተው፣ ንፍሮ ቀቅለው ወይም በእሸቱ የበሉት የበለጠ ተጎድተዋል። በእንጀራ፣ በቂጣና በወጥ መልክ የበሉት ላይ ግን አደጋው ከፍ ብሎ አልታየም። ከሌላ እህል ጋር ቀላቅለው የበሉት፣ ወጡንም በቅመማ ቅመም የሠሩት በተሻለ ተርፈዋል። አሁን የአያትዬውም ነገር ተፈታ ማለት ነው፤ ምናልባት ጓያውን በሽሮ መልክ፣ ጤፍና ገብስ ሳይጠፋ የበሉ ሰው ነበሩ። ከብት ጠብቆ የሚውለውና ከማሳው እሸቱን እየቀነጠሰ የሚውለው ወጣትም ለምን እንደሚበዛ ፍንጭ ይሰጣል። ይህ ሁሉ የተገኘው ያልታመመውን ሰው ከመጠየቅ ነው። ለታመመው ሁልጊዜ ጠያቂ አለው፤ ጤነኛውን ግን «አንተስ ምን በልተህ ነው ያልታመምኸው?» የሚለው ሰው የለም፤ መልሱ ግማሽ በግማሽ ያለው እርሱ ጋ ሆኖ ሳለ።

የተማረው ሰው የሚስትበት ሌላም መንገድ አለ፤ የገበሬው ማብራሪያ ስሕተት ስለሆነ ያየውም ነገር ስሕተት ነው ብሎ መጣል። በቆላና በወይና ደጋ ብዙ ሰው «የበቆሎ እሸት ወባ ያመጣል» ይላል። ጤና ባለሙያው ይህን ሲሰማ ፈገግ ይላል፤ ወባ በትንኝ እንጂ በእሸት አይመጣም፤ እሸቱም ትንኙም ከክረምቱ ማብቂያ ጋር ስለሚደርሱ ሰው አምታቷቸው ነው ይላል። ይህ መልስ በአመክንዮ የጸዳ ነው። ሙሉው እውነት ግን አልነበረም።

ኢትዮጵያውያንና የሀርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የአገራችን ዋነኛ ወባ አስተላላፊ የሆነችው ትንኝ እጮች በምን እንደሚያድጉ አጠኑ። በቆሎ በጓሮ፣ ቤት ጥግ ይዘራል፤ ሲያብብ ከራሱ ላይ የሚረግፈው ቢጫ ብናኝ ከሥሩ ባለ የዝናብ ኩሬ ላይ ያርፋል። እጮቹ ያንን ብናኝ ይመገቡታል። ብናኝ ያገኙት ቶሎ አድገው፣ ገዝፈው ወደ ትንኝነት ሲለወጡ ያላገኙት ብዙዎቹ ሳይደርሱ ይቀራሉ። ምዕራብ ጎጃም ቡሬ አካባቢ ተሠርቶ በ2005 (እ.ኤ.አ.) የታተመው ተከታይ ጥናት ደግሞ በቆሎ በብዛት በሚዘራባቸው ቀበሌዎች የወባ ሕመም በቆሎ ጥቂት ከሚዘራባቸው ከዘጠኝ እጥፍ በላይ ሆኖ ማግኘቱን ዘገበ። ዘግይቶ የሚያብበው የምርጥ ዘር በቆሎ ብናኙን የሚያራግፈው ትንኟ በምትራባበት ሰሞን መሆኑም ነገሩን እንዳባባሰው ተጠርጥሯል።

ልብ በሉ፤ ገበሬው «መብላቱ ነው» ሲል ተሳስቷል፤ በቆሎና ወባ ዝምድና አላቸው ሲል ግን ልክ ነበር። ባለሙያው መብላቱ ነው የሚለውን ባለማመኑ ትክክል ነበር፤ «ዝም ብሎ የወቅት መገጣጠም ነው» ብሎ እዚያው በማቆሙ ግን ቤት ጥግ ያለውን ማሳ ሳያየው አለፈ። የቀበሌዎቹ ንጽጽር ብቻውን ቢሆን ኖሮ እኔም አላምነውም ነበር፤ በቆሎ የሚበዛበት ቦታ ሞቃትና እርጥብም ሊሆን ይችላልና። ክብደት የሰጠው እጮቹን ብናኝ ባለበትና በሌለበት ውኃ አሳድጎ ልዩነቱን በዓይን ማየቱ ነው።

ወባ ዛሬም ደጃችን ላይ ስላለ ይህ የታሪክ ወሬ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደገለጸው ከጥር 1 እስከ ጥቅምት 20 ቀን 2024 (እ.ኤ.አ.) ባለው ጊዜ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሰዎች በወባ ሲታመሙ 1,157 ሞተዋል። መንስኤውን የሚጠይቅ ሰው ከየአቅጣጫው አንድ አንድ መልስ ይሰጠዋል፤ አንዱ ጦርነቱ ነው ይላል፣ ሌላው የአየር ንብረቱ፣ ሌላው አጎበሩና ኬሚካሉ መድከሙ፣ ሌላው ደግሞ ተሕዋሲው መድኃኒት መልመዱ። እነዚህ እንደ ምርጫ ዕጩዎች አንዱ ሲያሸንፍ ሌላው የሚወድቅ ይመስል እንከራከራለን። አንድ ወረርሽኝ ግን ሁሉንም በአንድ ጊዜ ሊፈልግ ይችላል። «ወባ የቆላና የገጠር፣ የክረምት ማብቂያ በሽታ ነው» የሚለው የቆየ ዕውቀትም እየተናደ ነው፤ ከእስያ የመጣችውና በ2016 (እ.ኤ.አ.) ቀብሪ ደሃር ላይ መጀመሪያ የተገኘችው አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለች ትንኝ በከተማ ውኃ ማጠራቀሚያ በርሜልና ታንከር ውስጥ ትራባለች። በ2022 (እ.ኤ.አ.) ድሬዳዋ ላይ በበጋ የተነሣው ወረርሽኝ ከእርሷ ጋር መያያዙ የታወቀው ያው በቆየው ብልኃት ነው፤ የታመሙትን ሰዎች አካባቢ ካልታመሙት ጋር በማስተያየት።

በመጨረሻ የማነሣው የእግር ዝሆኔ ነው። ስለ መንስኤ በስሕተት ማሰብ እንደዚህ በሽታ ሰውን ያዋረደበት ሌላ ጉዳይ አላውቅም።

በአገራችን ደጋማ አካባቢዎች የሚታየው የእግር እብጠት፣ ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለው፣ ትንኝ ከምታስተላልፈው የቆላ ዝሆኔ የተለየ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ወደ 1.5 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች እንዳለባቸው ይገመታል። እግር ያብጣል፣ ቆዳው ይወፍራል፣ ይሰነጣጠቃል፣ ይሸታል፤ በየጊዜው እየተነሣ ትኩሳትና ሕመም አልጋ ላይ ይጥላል። እርግማን ነው ተባለ። ይጋባል ተባለ። በዘር ነው ተባለ። ትምህርት ቤት ውስጥ አብሮት የሚቀመጥ ያጣ ልጅ፣ በማኅበር ጽዋ የማይጨመር አባት፣ አጎቷ እግሩ ስላበጠ ብቻ ለጋብቻ የማትጠየቅ ልጃገረድ በጎጃምም በወላይታም በሌሎችም ቦታዎች የታወቁ ናቸው።

ኧርነስት ፕራይስ የተባለ እንግሊዛዊ ቀዶ ሐኪም በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ኢትዮጵያ ውስጥ ይህን በሽታ ሲያጠና የት አለ፣ የትስ የለም ብሎ ተነሣ። በሽታው የሚገኘው ዝናብ በሚበዛበት ደጋ፣ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ ቀይ ሸክላ አፈር ባለበት ነው። እዚያው አፈር ላይ የሚኖሩ፣ ጫማ የሚያደርጉ ሰዎች ግን አይያዙም። የሕሙማኑ ንፍፊት ሲመረመር ከአፈሩ የመጡ እጅግ ደቃቅ የማዕድን ቅንጣቶች ተገኙበት። በባዶ እግር ሲታረስና ሲኬድ ቅንጣቶቹ በቆዳ በኩል እየገቡ የእግርን የሊምፍ መስመር (ትርፍ ፈሳሽ ከእግር የሚመለስበትን ቧንቧ) ለዓመታት እያስቆጡ ይዘጉታል። ተሕዋሲ የለም፤ ስለዚህ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ ነገርም የለም።

«ታዲያ ሁላችንም በባዶ እግራችን አርሰን ለምን የእርሱ ብቻ አበጠ?» ይህ የዋህ ጥያቄ አይደለም፤ በቂ መልስ እስኪያገኝ ድረስ የእርግማኑ ወሬ በእርሱ ተደግፎ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2012 ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቹ ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦቭ ሜዲሲን ላይ ያሳተሙት ጥናት የሕሙማንን የዘረመል አሠራር ከጤነኛ ጎረቤቶቻቸው ጋር አስተያይቶ፣ ሰውነት ባዕድ ነገርን በሚለይበት የዘር ክፍል ላይ ልዩነት አገኘ። አፈሩ የሚያስቆጣው ሰውነታቸው በተወሰነ መንገድ የተሠራውን ሰዎች ነው። ስለዚህ በአንድ ቤት አባት፣ ልጅና የወንድም ልጅ ሲታመሙ ያየው ጎረቤት ያየው ነገር እውነት ነበር። ያየውን የተረጎመበት መንገድ ግን ስቷል። በአንድ ቤት መደጋገም በሦስት መንገድ ሊመጣ ይችላል፦ ከአንዱ ወደ አንዱ በመተላለፍ፣ በዘር፣ ወይም አንድ መሬት ላይ በመኖርና አንድ ጎተራ በመብላት። ሦስቱን ሳይለዩ «ይጋባል» ማለት ሰውን ያለጥፋቱ ማግለል ነው።

ዘርና አፈር እዚህ ላይ የሚፎካከሩ መልሶች አይደሉም። ተጋላጭነቱ ቢኖርም አፈሩ ካልነካው እግር አያብጥም፤ አፈሩ ቢኖርም ተጋላጭነት የሌለው ብዙ ሰው አይታመምም። «በዘር ነው፤ ስለዚህ ምንም አይደረግም» የሚለው አባባል ስቶ የሚያስት ነው፤ ምክንያቱም በሽታው እንዲመጣ ሁለቱም ማስፈለጋቸው ማለት አንዱን ብቻ በመቁረጥ ሁሉንም ማስቀረት ይቻላል ማለት ነው። ዘርን መቁረጥ አይቻልም፤ አፈሩን ግን በጫማ መለየት ይቻላል። ካበጠ በኋላም ቢሆን ተስፋ አለ፤ ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ተሠርቶ በ2018 (እ.ኤ.አ.) የታተመ የንጽጽር ሙከራ እግርን በየዕለቱ በሳሙና መታጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ በየጊዜው እየተነሣ የሚጥለውን ሕመም እንደሚቀንስ አሳይቷል።

ጫማው ከልጅነት መጀመር አለበት፤ ክፍት ሰንደል ሳይሆን የተዘጋ መሆን አለበት፤ ለእርሻም መውጣት አለበት፣ ለቤተ ክርስቲያንና ለገበያ ብቻ የሚቀመጥ ከሆነ ዋናውን ሥራ አልሠራም። በቀይ አፈሩ ላይ ለሚኖር ገበሬ ሁሉ ይህን በአንድ ጊዜ ማዳረስ ከባድ ነው፤ ለልጆች የሚበቃ የተዘጋ ጫማ በየዓመቱ መግዛት ብዙ ቤት አይችልም። ያለውን ጥቂት ጫማ ለማን እናስቀድም የሚል ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ካለ ግን መልሱን መንደሩ ራሱ ያውቀዋል፤ ጽዋ የተከለከለው፣ ልጁ ያልተጠየቀችለት ያ ቤተሰብ ነው። ከእርሱ ቤት የሚወለዱት ልጆች ናቸው ከሌሎቹ በፊት ጫማ የሚያስፈልጋቸው።